ለልጄ፦ ምሳህን ብላ

አባቴ፣ እንዴት ሰነበትክ?

እህትህ ትናንት ማታ ደውላ ሁሉንም ዘረገፈችልኝ። አንተማ «ደህና ነኝ እማ» ብለህ ስልኩን ለመዝጋት ነው የምትቸኩለው። ስኳር እንዳለብህ ስትነግረኝ አልቅሼ ወጥቶልኛል፤ አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ሰላጣ ቀምሰህ ትውላለህ አሉ። ምሳ ትተሃል፣ እራትም ሲያሰኝህ ትተወዋለህ። ሱሪህ ከወገብህ እየወረደ ነው፣ ልጆቹን በትንሹም በትልቁም ትቆጣለህ። ኪኒኖቹን ግን ጠዋት ጠዋት ሳታጓድል ትውጣለህ።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት ይህን ስማኝ፦ ምግብ አትዝለል።

የታዘዘልህ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ቢሆን ይህን ያህል አልፈራም ነበር፤ እሱ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ሆድ ይረብሻል እንጂ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ጠባዩ ትንሽ ነው። ያቺ ሁለተኛዋ፣ ግሊቤንክላሚድ የተባለችው ግን፣ በላህም አልበላህም ቆሽትህን «ኢንሱሊን አውጣ» እያለች ትጎተጉታለች። ኢንሱሊኑ ይመጣል፣ ከምግብ የሚገባ ስኳር ግን የለም። ያን ጊዜ ደምህ ውስጥ ያለውንም ያሟጥጠዋል።

ይህን ያስተማረኝ ጋሼ ነው። አንተ አጎትህን ያወቅኸው ሰክኖ፣ አርጅቶ ነው። በሽታው የተገኘበት ሰሞን ቁርጥ አንተን ነበር፣ እልኸኛ። ሐኪሙ «ቀንስ» ሲለው እሱ ጨርሶ ተወ። ዳቦ የለ፣ ሩዝ የለ፣ ምሳም የለ። አንድ ቀን ከሥራ ቦታው ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈው አመጡት። የሸሚዙ ኮሌታ በላብ ርሶ አንገቱ ላይ ተለጥፏል፣ ምላሱ ተሳስሮ የሚናገረው አይገባም። ሰዎቹ እናቴን ወደ ጎን ጠርተው «ዛሬ ትንሽ ሳይቀምስ አልቀረም» አሏት። ጋሼ! በዕድሜው መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው! በሽታውን ደብቋቸው ስለነበር ሰዎቹም ሌላ ሊመስላቸው አይችልም። እናቴ ግን ወዲያው ገባት። ስኳር በውሃ በጥብጣ፣ መዋጥ መቻሉን አይታ፣ ታጎነጨው ጀመር። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ከንፈሩ ዳር ያልሟሟ ስኳር ተጣብቆ ነበር። ቆይቶ ዓይኑ ሰው መለየት ጀመረ፤ ከዚያ የመጀመሪያ ቃሉ ምን ይመስልሃል? «ማን ማን አየኝ?»

ከዚያ ወዲያም ለባልደረቦቹ አልነገረም። ግብዣ ላይ «አልጠጣም» ማለት ያፍርና ለስላሳውን ይጨልጣል፣ ያንን ላካክስ ብሎ በማግሥቱ ጦሙን ይውላል። ስኳሩ አንድ ቀን ሰማይ፣ አንድ ቀን ምድር። በመጨረሻ እግሩ ደንዝዞ ጫማው ሲያቆስለው እንኳ አይሰማውም ነበር። እህቱ ነኝና ዛሬም ያንገበግበኛል።

ወይ ጉድ፣ ስለ አንተ ልጽፍ ተነስቼ የእሱን አወራሁ። ወደ አንተ ልመለስ።

በረሃብ የምትቀጣው ሰውነትህ ምን አጠፋ? ያስደነገጠህ 8.9 የሚለው የደም ምርመራ ውጤት (HbA1c የሚሉት፣ በመቶኛ የሚቆጠር) የሁለትና የሦስት ወር የስኳርህ አማካይ ነው፤ በአንድ ሳምንት አልወጣም፣ በአንድ ሳምንትም አይወርድም። ለብዙ ሰው ሐኪሞች የሚፈልጉት ከ7 በታች ነው፣ የአንተን ልክ ሐኪምህ ይንገርህ። ወደዚያ የሚያደርስህ በየቀኑ በሰዓቱ መብላት ነው።

ደግሞ ከባድ ነገር አይደለም። መጠነኛ ሳህን አንሳ። ግማሹን በአትክልት ሙላው፤ ድንችን አትክልት ብለህ እንዳታታልለኝ፣ እሱ ከዳቦ ወገን ነው። ሩቡ ምስር ወይም ባቄላ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ሥጋ ይሁን። የቀረው ሩብ ለዳቦህ ወይም ለሩዝህ ነው። አየህ፣ ዳቦ አልተከለከልክም! ከአትክልቱ ጀምረህ ዳቦውን ወደ መጨረሻ ብታደርገው ስኳርህ ቶሎ አይተኮስም። ከበላህ በኋላ ጥቂት ተራመድ፣ ሶፋው አይሸሽም።

ጨክነህ የምትተወው የሚጠጣውን ስኳር ነው። አንድ ጣሳ ለስላሳ፣ 330 ሚሊ ሊትሩ፣ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ወደ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ጭማቂም «ተፈጥሮ ነው» እየተባለ የሚወደሰውን ያህል አይደለም። አንድ ብርቱካን ብላ፤ የሦስቱን ውሃ ጨምቀህ ቃጫውን ጥለህ አትጠጣ። «ስኳር የለውም» የሚል ብስኩትም አትግዛ፣ ዱቄቱ የት ሄደና?

የስኳር መለኪያውን ከመጠቀምህ በፊት እጅህን በሳሙና ታጠብና አድርቅ። ፍራፍሬ የላጠ ጣት የውሸት ቁጥር ያወጣል። ጣትህን ከመሐል አትውጋ፣ ከጎኑ ይሁን፣ ሕመሙ ይቀንሳል።

ካንቀጠቀጠህ፣ ካላበህ፣ ልብህ ድው ድው ካለ ወይም ያለ ምክንያት ከተናደድክ (እህትህ የነገረችኝ ቁጣ ይኸው እንዳይሆን እፈራለሁ) ወዲያው ለካ። መለኪያው ከ70 (mg/dL) በታች ካሳየ ያን ጊዜ ጭማቂው መድኃኒት ነው፤ ግማሽ ብርጭቆ ጠጣ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠህ ጠጣ። 15 ደቂቃ ጠብቀህ ደግመህ ለካ። ካልወጣ ያንኑ ድገም፣ ከወጣ ምግብ ብላ። ቸኮሌት አይሆንህም፣ ቅባቱ ያዘገየዋል። ስኳር በኪስህ ይኑር። ራስህን ከሳትክ ግን ማንም በአፍህ ምንም እንዳይጨምር፣ ወደ ሐኪም ቤት ብቻ ይሩጡ። ይህን ለሚስትህም፣ አጠገብህ ለሚሠራውም ሰው ንገር። ለሥራ ሰው መንገር ያሳፍራል እንዳትለኝ! ጋሼም እንዲያ ነበር የሚለው።

ዓይንህን ተመርመር፣ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዝ። ማታ ማታ እግርህን ከሥሩ እይ፣ ካልታየህ መስታወት ወለሉ ላይ አድርግ። ለሐኪምህም ምሳ እየተውክ መድኃኒት እንደምትውጥ አንድ ሳትደብቅ ንገረው፤ መጠኑን ሊያስተካክል ይችላል። በራስህ ግን አንድም ኪኒን እንዳትተው። ምግብም አትዝለል። ስንት ጊዜ አልኩህ? ገና እላለሁ።

የኔ ጌታ፣ ተቆጣሁህ መሰለኝ። በሕፃንነትህ ስታኮርፍ እራት አልበላም እያልክ ከአልጋ ሥር ትገባ ነበር፤ ያኔ ጎትቼ ማውጣት እችል ነበር። አሁን በምን አቅሜ?

ዛሬ ምሳ ምን እንደበላህ ጻፍልኝ። ነገም ጻፍልኝ። ሰላጣ የሚል መልስ ከመጣ ለሚስትህ ነው የምደውለው።

እናትህ