ቅዳሜ ሙል 4ን እንጀምራለን

ሰላም ለሁላችሁ፣

ቅዳሜ ፈረንጅ አራዳ፣ የተለመደው ቦታ እንገናኝ። ሙል የተለያዩ ሲስተሞችን የሚያገናኝ ሶፍትዌር ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ በቅሎ ማለት ነው፤ ሲስተም ከሲስተም ማገናኘት የሸክም ሥራ ስለሆነ የወጣ ስም። ለጅማ ሰው ቡና በበቅሎ እንዴት እንደሚጫን ማስረዳት ደግሞ አያስፈልግም።

ሙል 3ን የምታውቁ፣ ያወቃችሁትን ሁሉ አትመኑት። እኔ ጉድ ሆኛለሁ። በሙል 3 ዳታው በስትሪም (በአንዴ ሳይሆን እየፈሰሰ) ከመጣ አንዴ ከተነበበ አለቀ። ሎግ ላድርገው (ምን እንደመጣ ልመዝግብ) ብላችሁ ካነበባችሁት፣ ቀጣዩ ደረጃ ባዶ እጁን ይቀራል። ጥፋቱ የዳታቤዙ መስሎኝ አንድ ሌሊት ሙሉ ስቆፍር አድሬያለሁ! በሙል 4 ስትሪሙ ተደጋግሞ መነበብ ይችላል። ለእኔ ከለውጦቹ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው።

ሌላው ዳታዊቭ የሚባለው የሙል ቋንቋ ነው። ድሮ ዳታ መለወጫ ብቻ ነበር፤ ለትንንሽ አገላለጾች ሜል የሚባል ሌላ ቋንቋ እንጽፍ ነበር። አሁን ሜል ቀርቷል፣ ሁሉም በዳታዊቭ ነው። ኢንባውንድ ፕሮፐርቲ ስትሉ የኖራችሁትን (ከመልእክቱ ጋር አብሮ የሚመጣውን ተጨማሪ መረጃ) ደግሞ አትሪቢዩት ውስጥ ፈልጉት። የኢረር አያያዙም ተቀይሯል፣ እሱን ሳምንት እናየዋለን።

የሙል ፕሮግራም የምንሠራበትን ኤኒፖይንት ስቱዲዮ 7ን ቤት ጭናችሁ ኑ። 6 ለሙል 3 ነው፣ አይሆንም። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ ኔት ያስቸገራችሁ ፍላሽ ይዛችሁ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ እኔ ጋ አለ። መብራት ስለማይታመን ላፕቶፕ ቻርጅ አድርጉ።