ማስታወቂያ ከሆነ፣ ማስታወቂያ ነው በሉን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ኮልፌ ውስጥ ሱቅ ከከፈትኩ 22 ዓመት ሆኖኛል። ጋዜጣችሁን ሁለቴ ነው የምጠቀምበት። መጀመሪያ አነበዋለሁ፤ ከዚያ በርበሬ እጠቀልልበታለሁ። ያለፈውን ሳምንት ግን አልጠቀለልኩበትም፤ አስቀምጬዋለሁ።

ጡረታ የወጡ ጎረቤት አሉኝ። ጋዜጣውን አጣጥፈው ይዘው መጡ። ግማሽ ገጽ ሙሉ ስለ አንድ አፓርታማ ሻጭ የተጻፈ ነው። ርዕስ አለው፣ ፎቶ አለው፣ ቃለ ምልልስ አለው። ቁርጥ ዜና! «አየሽ፣ ጋዜጣ ሳይቀር መሰከረለት» አሉኝ። ልጃቸው ከዱባይ የላከችውን ብር ለቅድሚያ ክፍያ ሊያውሉት አስበዋል። ታች ጥጉ ላይ፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል፣ «ስፖንሰር የተደረገ» ይላል። አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ቤት ረስተውታል።

«ምን ማለት ነው እሱ?» አሉኝ።

«ከፍለው ያስወጡት ማለት ነው፣ ጋሼ።»

«ቢከፍሉስ? ያለው እኮ ጋዜጣው ነው!»

ይቺ አነጋገር ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

ሰው ማስታወቂያ ሰምቶ እንዴት እንደሚገዛ ከባንኮኒ ጀርባ ሆኜ ስታዘብ ኖሬያለሁ። ጯሂው ማስታወቂያ እምብዛም አያሳስበኝም። የታክሲ ረዳት ሁለት ጓደኞቹን ወንበር ላይ አስቀምጦ «የሞላ! የሞላ! አንድ ሰው!» ይላል። ሮጠን እንገባለን፤ ከዚያ ቁጭ ብለን ሌላ አሥር ሰው እንጠብቃለን። የበዓል ባዛሩም «ሦስት ቀን ብቻ ቀረው» ሲል ያው ነው። እንዲህ ያለውን ለምደነዋል። ብንሸወድም ስቀን እናልፈዋለን።

ሌላው ግን ሳይታወቅ ነው የሚገባው። ሕፃን ልጅ ይላካል፤ «እትዬ፣ ኦሞ!» ይላል። «የቱን?» ስለው ግራ ይገባዋል። ኦሞ ነዋ! ጣቱ የሚጠቁመው ግን ሌላ ስም የተጻፈበትን የዱቄት ሳሙና ነው። ሃይላንድ የሚባለው ውሃ ከሱቄ ከጠፋ ስንት ዘመኑ። ሰው ግን ዛሬም የፈለገውን ውሃ «ሃይላንድ» ብሎ ነው የሚገዛኝ፤ ባዶ ጠርሙሱን ሰብሳቢውም «ሃይላንድ አለ?» እያለ ይዞራል። ሞዴስም እንደዚያው። ዕቃው ሄዶ ስሙ አፋችን ላይ ቀረ።

የአረፋው ነገር ደግሞ አለ። አዲስ የዱቄት ሳሙና ሲመጣ ሴቶቹ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «አረፋ ያወጣል?» ብለው ነው። አረፋ ስለበዛ ልብስ ይበልጥ አይጠራም። ግን ቆሻሻ ከጨርቅ ሲለቅ በቴሌቪዥን አይታይም፤ አረፋ ሲኩረፈረፍ ይታያል። ስለዚህ የሚታየውን አሳዩን፣ እኛም እሱን መፈለግ ጀመርን።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የሱቄን በር አንድ ድርጅት በራሱ ቀለም በነፃ ቀብቶልኛል። ለቀለሙ ብዬ እሺ አልኩ፤ ይኸው ከሩቅ የሚታየው የእነሱ ስም ነው። ለስላሳ የማስቀምጥበትን ፍሪጅ የሰጡኝም «የእኛን ብቻ» ብለው ነው። ከረሜላና ማስቲካውን ደግሞ ባንኮኒው ፊት ለፊት፣ ልጆች ዓይን ትክክል ላይ የደረደርኩት እኔው ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

ግን እኔም ተሸውጃለሁ። ሱቅ ስከፍት ጠዋት ጠዋት የምሰማው የራዲዮ አዘጋጅ ነበር። ለዓመታት። ስለ ትዳር ሲመክር፣ ስለ ኑሮ ሲቀልድ፣ ዘመድ ሆነብኝ። አንድ ቀን በጨዋታ መሀል ስለ ውሃ ማጣሪያ ማውራት ጀመረ። «እኔ ራሴ ቤት አለ፣ ልጆቼም የሚጠጡት እሱን ነው» አለ። የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ስትመጣም አንዳንዴ ትደፈርሳለች። የዕቁብ ብሬን አውጥቼ ገዛሁ። ሁለት ወር ሠራ። ከዚያ ውስጡ ያለው ነገር መቀየር አለበት ተባልኩ። የመቀየሪያው ዋጋ የማጣሪያውን ግማሽ ያህላል፤ እሱም ገበያ ላይ የለም። አሁን ዕቃው ሽሮ ማስቀመጫ ሆኗል።

መለስ ብዬ ሳስበው ሰውዬው የዋሸኝ ነገር የለም። ቤቱ ይኖር ይሆናል፤ ልጆቹም ይጠጡ ይሆናል። መቀየሪያውን ብቻ ነው ያላነሳው። በማስታወቂያ ድምፅ ቢነግረኝ ኖሮ «ስንት ነው? መለዋወጫውስ?» እል ነበር። በወዳጅ ድምፅ ነገረኝና ሳልጠይቅ ቀረሁ። ባለሱቅ ሆኜ!

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲቀርብ ያዛል። ሕግ ከተፈለገ ደግሞ ይሠራል፤ በ2011 የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን ሲከለከል አይተናል። ከዚያ በፊት ቢራ ሳናይ ዶሮ የቆረጥንበት በዓል ትዝ አይለኝም።

ወረቀት እንደተወደደ አውቃለሁ። ማስታወቂያ ባይኖር ጋዜጣው እኔ ጋ በምገዛበት ዋጋ አይደርስም። አትቀበሉ አላልኩም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። «ማስታወቂያ» የሚለውን ቃል ከላይ፣ ርዕሱ አጠገብ፣ በርዕሱ ፊደል ልክ አድርጉልን። «ስፖንሰር የተደረገ» ሳይሆን «ማስታወቂያ»። ጋሼ ያለ መነጽራቸው የሚያነቡት።

እሳቸው ክፍያውን ገና አልፈጸሙም። ዓርብ ማታ ልጃቸው ስትደውል እኔም እንድገኝ ነግረውኛል። ጋዜጣውን ይዤ እሄዳለሁ።

የሰፈር ባለሱቅ፣ ከኮልፌ