ሁለት ሲም ለያዘ ስልክ ሁለት ድምፅ ይገባዋል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። የጋዜጣችሁን የቴክኖሎጂ ገጽ ሳላነብ አላልፍም። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ትጽፋላችሁ፣ ስለ ሳተላይት ትጽፋላችሁ። መልካም ነው፣ ቀጥሉበት። ግን ሰው በየቀኑ ኪሱ ይዞት ስለሚዞረው ነገር ብዙም አይጻፍም። ስለዚህ ዛሬ አንድ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ሁለት ሲም ባለው ስልክ ላይ ለእያንዳንዱ ሲም የራሱን የጥሪ ድምፅ መስጠትን ይመለከታል። ሲያዩት ትንሽ ነገር ይመስላል። ሱቄ ውስጥ ሆኜ ሳየው ግን ትንሽ አይደለም።

ከተማችን የመንገድ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የሚመጣው ከባድ መኪና በዚህ ያልፋል። ወደ ድሬዳዋና ሐረር የሚሄደውም፣ ወደ አሰላ የሚታጠፈውም እንዲሁ። ሹፌሩ፣ ደላላው፣ የባጃጅ ልጁ፣ ጅምላ ሻጩ ሁሉ ሥራው በስልክ ነው። ድሮ ሁለት ሲም የሚይዘው ሥራና ቤቱን መለየት የፈለገ ሰው ነበር፤ ሁለቱም ቁጥሮች በ09 የሚጀምሩ ነበሩ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ በኋላ ደግሞ የ07 ቁጥር መጣ። አንዱ ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ሌላው ይሠራል። የአንዱ ጥቅል ሲያልቅ የሌላው ይተካል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀምር፣ ኤምፔሳ ደግሞ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲከተል ገንዘባችንም ለሁለት ሲም ተከፋፈለ። ዛሬ ለጥገና ከሚመጡልኝ ስልኮች አንድ ሲም ብቻ ያለበትን ማግኘት ይቸግረኛል።

ታዲያ አዲስ ስልክ ከካርቶኑ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ሲሞች አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚያወጡት። ያው የፋብሪካው ድምፅ ነው። አብዛኛው ሰው እሱኑ ይዞ ስልኩ እስኪያረጅ ይቆያል። ካፌ ውስጥ አንድ ስልክ ሲጮህ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ኪሱን ይዳብሳል። የራሱ መሆኑን ያወቀውም ቢሆን የሥራው መስመር ይሁን የቤቱ ሳያወጣ አያውቅም።

ከባድ መኪና የሚነዱ አንድ ደንበኛ አሉኝ። አንደኛው ቁጥራቸው ለጭነት ላኪዎች ነው። ሌላውን የሚያውቁት ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ብቻ ናቸው። አንዷ ልጃቸው አስም አለባት፤ ስለዚህ ከቤት ከተደወለ መኪናውን ዳር አስይዘው ያነሳሉ። የጭነት ጥሪ ከሆነ ግን እስኪቆሙ ይቆያል። ሁለቱም ሲሞች አንድ ድምፅ በነበራቸው ጊዜ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ዓይናቸውን ከመንገዱ አንስተው ስክሪኑን ማየት ነበረባቸው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስክሪን አይቶ ለመመለስ ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ 44 ሜትር መንገድ ሳይታይ ታለፈ ማለት ነው። ይህን ሳስብ ፈጣን መንገዱ ላይ ያሉት ሹፌሮች ሁሉ ትዝ ይሉኛል። እየነዱ ስልክ መያዝ በሕግ መከልከሉን ሁላችንም እናውቃለን። እጅ ወደ ኪስ እንዳይሄድ የሚያደርግ ነገር ሲኖር ግን ለምን አንጠቀምበትም? ለባጃጅ ልጆችማ በየቀኑ እነግራቸዋለሁ። አደባባይ እየዞሩ በአንድ እጃቸው ኪሳቸውን ሲፈትሹ ማየት ያስደነግጠኛል።

«ስክሪኑ ላይ ሲም 1 ወይም ሲም 2 ብሎ ይጽፍ የለ?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ይጽፋል። ግን ያ የሚጠቅመው ስልኩ እጁ ላይ ላለና ፊደል ለሚያነብ ሰው ነው። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት በጅምላ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ፤ ማንበብ አልተማሩም። ሒሳብ ግን በቃላቸው ነው የሚሠሩት፣ ማንም አያታልላቸውም። ነጋዴዎቹ በአንዱ ቁጥር ይደውሉላቸዋል፣ ዓረብ አገር ያለችው ልጃቸው በሌላው። የልጃቸው ጥሪ ሲያመልጣቸው ቀኑን ሙሉ ሆዳቸው አይረጋም ነበር። ለልጃቸው መስመር የክራር ድምፅ ጫንኩላቸው። አሁን እጃቸው ሚዛን ላይ ቢሆንም ክራሩን ሲሰሙ ሁሉን ጥለው ያነሳሉ። እጁ በግሪስ የተለወሰ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ልጅም ችግሩ ያው ነው። ሊጥ እያቦካች ያለች ሴትም እንዲሁ።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ሳምሰንግ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ሳውንድስ ኤንድ ቫይብሬሽን፣ ከዚያ ሪንግቶን። እዚያ ሲም 1 እና ሲም 2 ለየብቻ ይመጣሉ፤ አንዱን መርጦ ድምፁን መስጠት፣ ከዚያ ወደ ሌላው መሄድ ነው። በቴክኖና በኢንፊኒክስ ስልኮችም ሳውንድ የሚለው ውስጥ የየሲሙ ሪንግቶን ለየብቻ ይገኛል። የሜኑው ስምና ቦታ እንደ ስልኩ ዕድሜ ትንሽ ይለያያል። ግራ ከገባችሁ ሴቲንጉ ላይ ያለውን የመፈለጊያ ምልክት ነክታችሁ «ሪንግቶን» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ራሱ ይወስዳችኋል። ስልኩ በአማርኛ ከሆነ ደግሞ «ጥሪ» ብላችሁ ፈልጉ።

አይፎን ሁለት መስመር መያዝ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ሁለተኛው መስመር ኢሲም (ካርድ የማይገባለት፣ ስልኩ ውስጥ ያለ ሲም) ሆኖ። ለየመስመሩ የተለያየ ድምፅ መስጠት የተቻለው ግን መስከረም 2016 ዓ.ም. ከወጣው የአይፎን ሶፍትዌር፣ ከአይኦኤስ 17 ጀምሮ ነው። ስለዚህ አይፎን ይዛችሁ አማራጩን ካጣችሁት መጀመሪያ ሶፍትዌሩን አፕዴት አድርጉ። የሚገርመው፣ በርካሽ የሚሸጡት ሁለት ሲም ያላቸው የቁልፍ ስልኮች ብዙዎቹ ይህ ነገር ከድሮ ጀምሮ አላቸው።

አማራጩ ጭራሽ የሌለባቸው ስማርት ስልኮችም አሉ። የነሱ ባለቤቶች ተስፋ አይቁረጡ። ድምፁን ለሲሙ መስጠት ካልተቻለ ለሰውየው መስጠት ይቻላል። የባለቤታችሁን፣ የእናታችሁን፣ የልጃችሁን ስም ከስልክ ማውጫው ከፍታችሁ ለየብቻ ሪንግቶን ምረጡላቸው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ቁጥሩ የተመዘገበው ሲሙ ላይ ከሆነ አንድሮይድ የግል ሪንግቶን አይቀበልለትም። ስልኩ ላይ ወይም ጉግል አካውንት ላይ መሆን አለበት። እኛ አገር ደግሞ ቁጥር ሲም ላይ መመዝገብ የቆየ ልማድ ነው። «እምቢ አለኝ፣ ስልኩ ተበላሽቷል» ብለው ከሚያመጡልኝ ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ነው። ቁጥሮቹን ወደ ስልኩ ኮፒ ማድረግ ብቻ ይበቃቸዋል፤ ምንም ጥገና አያስፈልግም።

ሌላም የሚያስቸግር አለ። ዘፈኑ ያለው ሚሞሪ ካርድ ላይ ከሆነና ካርዱ ከወጣ፣ ወይም ፋይሉ ከተሰረዘ፣ ስልኩ ሳይናገር ወደ ፋብሪካው ድምፅ ይመለሳል። ስለዚህ ፋይሉን ስልኩ ውስጥ አስቀምጡት። ሁለት ሲም ለመለየት ተብለው ከፕሌይስቶር የሚወርዱትን አፖች ደግሞ በጣም እጠነቀቃቸዋለሁ። የስም ዝርዝራችሁን እና የጥሪ ታሪካችሁን ለማየት ፈቃድ የሚጠይቁ አሉ። ለአንድ ድምፅ ብላችሁ ይህን ሁሉ አሳልፋችሁ አትስጡ።

የድምፁ ምርጫም ቀላል ነገር አይደለም። ሰው የሚወደውን ዘፈን ይመርጣል፤ ዘፈኑ ግን ቀስ ብሎ የሚጀምር ከሆነ ድምፁ ከፍ እስኪል ደዋዩ ይዘጋል። ከመሃል ቆርጦ ጎላ ከሚልበት ማስጀመር ይሻላል። ሁለቱ ድምፆች ደግሞ በምታቸው ይለያዩ። አንዱ ፈጣን ከሆነ ሌላው ረጋ ያለ ይሁን። ሁለት የሚመሳሰሉ የፒያኖ ድምፆች መርጦ «አልለይ አሉኝ» የሚል ብዙ ነው። ለትልልቅ ሰዎች በጣም ቀጭን ድምፅ አልመርጥም፤ ጆሮ ሲያረጅ መጀመሪያ መስማት የሚያቅተው ቀጭኑን ነው። በጣም ወፍራሙን ደግሞ ትንሿ የስልክ ስፒከር በደንብ አታወጣውም። መሃከለኛው ይሻላል። መሰንቆ ለዚህ ግሩም ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሰው ቢያውቀው የምወደው ሌላ ጥቅም አለ፤ ዕረፍት ማለቴ ነው። ደላሎች ቅዳሜ ማታም እሑድም ይደወልላቸዋል። ስልኩን ሙሉ በሙሉ ሳይለንት ሲያደርጉት የቤተሰብ ጥሪም አብሮ ይጠፋል፤ እናት ታመው ሦስት ጊዜ ቢደወል አይሰማም። ሲሙን ቢያጠፉት ደግሞ ደንበኛ «ቁጥሩን ቀየረ» ይላል። ድምፆቹ ከተለዩ ግን መፍትሔው ቅርብ ነው። ለሥራው ሲም ከሪንግቶኑ ዝርዝር ውስጥ ድምፅ አልባውን መምረጥ ነው። ጥሪው ይመጣል፣ ይመዘገባል፣ ግን አይጮህም። የቤቱ መስመር እንደ ወትሮው ይጮሃል። ተረኛ የሆነች ነርስ ደግሞ ይህን ገልብጣ ልትጠቀምበት ትችላለች። ሌሊት የሆስፒታሉ መስመር ብቻ ይቀሰቅሳታል።

ድምፅ መለየት የማይፈታውንም ልናገር። በብዙዎቹ ስልኮች በአንዱ ሲም እያወራችሁ ሳለ በሌላው የሚደውል ሰው አያገኛችሁም። «ማግኘት አይቻልም» የሚል መልዕክት ይሰማል እንጂ እናንተ ጋ ምንም አይጮህም። ስልኩ ሁለቱን ሲሞች በተራ ይጠብቃል እንጂ በሁለቱም በአንድ ጊዜ አያነጋግርም። በዚህ የተነሳ «ስልክ ዘግተህብኝ» ተባብለው የተኳረፉ ባልና ሚስት አውቃለሁ። ጥፋቱ የማንም አልነበረም። ጥሪን ከአንዱ ሲም ወደ ሌላው ማዞር ይቻላል፤ የዞረው ጥሪ ግን ሒሳብ ሊያስከፍል ይችላልና አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

የጥሪ ማሳመሪያም ከዚህ የተለየ ነው። እሱ የሚሰማው ለሚደውልላችሁ ሰው ነው፣ የሚከፈልበትም አገልግሎት ነው። እናንተ ኪስ ውስጥ የሚጮኸው ሪንግቶን ግን የስልኩ የራሱ ስለሆነ ምንም አያስከፍልም። «የስልኬን ድምፅ ለመቀየር ብዬ» ማሳመሪያ ተመዝግበው ሒሳባቸው የሚቆረጥባቸው ሰዎች ሲመጡ በጣም አዝናለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የመጀመሪያው ለስልክ ሻጮችና ለሙያ ባልደረቦቼ ነው። ስልክ ስትሸጡ ሲሙን ታስገባላችሁ፣ ብር ትቀበላላችሁ፣ ደንበኛው ይሄዳል። እባካችሁ ከመሄዱ በፊት «የትኛው የሥራ፣ የትኛው የቤት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሲም ማናጀር ውስጥ ገብታችሁ ለሲሞቹ ስም ስጡ፤ ሲም 1 የሚለውን «ሥራ»፣ ሲም 2 የሚለውን «ቤት» በሉት። ከዚያ ሁለት የተለያዩ ድምፆች አሰሙትና ራሱ ይምረጥ። በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ በሚገባው ቋንቋ አስረዱት። ደቂቃዎች የሚወስድ ሥራ ነው። ለዚህ ተብሎ ገንዘብ ሲጠየቅም አይቻለሁ፤ በተለይ ከአረጋውያን። ይህ ልክ አይደለም። ስልኩን ሲገዙ የከፈሉበት ነገር ነው።

ሁለተኛው ለልጆች ነው። ቤታችሁ ያሉ ወላጆቻችሁን ስልክ ዛሬ ማታ ተቀበሏቸውና እዩት። እናንተ የምትደውሉበት መስመር ከሌላው ተለይቶ ይጩህላቸው። «እናቴ ስልክ አታነሳም» ከማለት በፊት እናት ስልኩ ሲጮህ ማን መሆኑን የምታውቅበት መንገድ አላት ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ሦስተኛው ለእናንተ ነው። በየሳምንቱ የገጹን አንድ ጥግ እንዲህ ላለ ጉዳይ ብትሰጡት ከልብ ደስ ይለኛል። የጠፋ ስልክ እንዴት ይዘጋል፣ ቁጥሮች ከሲም ወደ ስልክ እንዴት ይዛወራሉ፣ ባትሪ ቶሎ የሚያልቀው ለምንድን ነው። ሰው በየቀኑ ይህንን ይጠይቀኛል፣ በአማርኛ በደንብ ተጽፎ የሚያገኘው ግን ጥቂት ነው። ጸሐፊ ካጣችሁ እኔና ባልደረቦቼ የምናውቀውን ለመንገር ዝግጁ ነን። ደብዳቤዬ ረዝሞ ቦታ ካጠበባችሁ ሌላውን ቁረጡት፤ የሳምሰንግንና የቴክኖን አሠራር እንዲሁም ሲም ላይ ስለተመዘገቡ ቁጥሮች ያልኩትን ግን አትንኩብኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞባይል ጥገና ባለሙያ
ከአዳማ