ለ11ኛ ክፍል ተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች
ቦሌ አራብሳ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በዚህ መንፈቅ ዓመት ስለሚነበቡት ሁለት ልብ ወለዶች

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ልጆቻችሁ የሚጀምሩት በናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት» (እ.ኤ.አ. 1958) ነው። 25 ምዕራፍ አለው፤ በሳምንት ሦስት ሲነበብ በዘጠኝ ሳምንት ያልቃል። መጽሐፉ ለሦስት ልጅ አንድ ስለሆነ በየሳምንቱ እያንዳንዳቸው ጋ ሁለት ሌሊት ያድራል። በእነዚያ ሁለት ምሽቶች ከቤት ሥራ ቢያሳርፏቸው እንወዳለን።

ብዙ ልጅ የሚሰናከለው መጀመሪያው ላይ ነው። ሚስዮናውያኑና ገዥዎቹ ጎልተው የሚመጡት ከ13ኛው ምዕራፍ በኋላ ስለሆነ «ምንም አይፈጠርም» ይልና ቴሌግራም ላይ ማጠቃለያ ይፈልጋል። ማጠቃለያው ደግሞ የሚጥለው እነዚያኑ ምዕራፎች ነው፦ የኢቦዎቹን (ታሪኩ የሚነገርላቸው የናይጄሪያ ሕዝብ) ሽምግልና፣ የጥሎሽ ድርድር፣ የሰላም ሳምንት፣ የአዲስ ያም (ዋና ምግባቸው የሆነ ሥራ ሥር) በዓል። መጨረሻ ላይ እንግሊዛዊው ሹም የዋናውን ገጸ ባሕሪ የኦኮንኮን ሕይወት በሚጽፈው መጽሐፍ ውስጥ በአንድ አንቀጽ ሊጨርሰው ያስባል። ያ አንቀጽ ስንት ነገር እንደሚሰርዝ የሚገባው የመጀመሪያዎቹን 13 ምዕራፎች ያነበበ ልጅ ብቻ ነው።

አቼቤ በእንግሊዝኛ ቢጽፍም የኢቦን ተረትና ምሳሌ አልተወም። ምሳሌ ቃል የሚበላበት የዘንባባ ዘይት ነው ይላሉ፤ እኛ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እንደምንለው። ተማሪው ከመጽሐፉ አሥር ምሳሌ መርጦ አቻቸውን ይዞ ይመጣል። በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን፣ እባካችሁ አያቶችን ይጠይቁ።

ሁለተኛው የኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ «ዴቭል ኦን ዘ ክሮስ» ነው። ርዕሱ ሰይጣንን ከመስቀል ጋር ስለሚያነሳ የምትሰጉ ትኖራላችሁ፤ ስጋቱ ይገባናል። ነገሩ የዋና ገጸ ባሕሪዋ ቅዠት ነው፦ ሕዝቡ ሰይጣንን ይሰቅለዋል፤ በሦስተኛው ቀን ሱፍ የለበሱ ሰዎች መጥተው ያወርዱታል። ሰይጣኑን የውጭው ገዥ፣ አውራጆቹን ከነጻነት በኋላ ጥቅሙን የወረሱ የአገሬው ሀብታሞች ብላችሁ አንብቡት። በታሪኩ ውስጥ በሌብነት ከሚፎካከሩት ሀብታሞች አንዱ ለገበሬ አፈር በዕቃ እየሰፈረ፣ አየርም አሽጎ ለመቸርቸር ያቅዳል። በካሬ ዋጋ ስንነጋገር ለምንውል ለእኛ ሰፈር ይህ ሩቅ አይደለም። ንጉጊ እ.ኤ.አ. በ1978 ያለ ፍርድ ታስሮ ሳለ በእስር ቤት የመጸዳጃ ወረቀት ላይ የጻፈው በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአፍ መፍቻው በጊኩዩ ነው። ልጆቹ የሚያነቡት ራሱ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመውን ነው።

በሁለቱም መጽሐፎች ራስን የማጥፋት ነገር አለ፤ በሁለተኛው ደግሞ አንዲት ተማሪ በሀብታም ሽማግሌ ትታለላለች። ልጃችሁ ዝም ካለ ወይም ከከበደው ሳትውሉ ሳታድሩ ለክፍል ኃላፊው ንገሩ።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህሩ