ደም ማነስና ደም ብዛት ተቃራኒ አይደሉም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

በጤና ዓምዳችሁ አኒሚያ «ደም ማነስ»፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ደግሞ «ደም ብዛት» እየተባለ ይጻፋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታተሙ አንዱ የሌላው ተቃራኒ ይመስላል። እዚህ ሱሉልታ የሁለቱም መድኃኒት የታዘዘለት ሰው «ደሜ በዝቷል ተብዬ እንዴት ደም መጨመሪያ እውጣለሁ?» ብሎ አንዱን ይተዋል።

አኒሚያ ምንጩ ግሪክኛ ነው። «አን» አለመኖርን ያመለክታል፤ «ሃይማ» ደም ነው (ሃይማኖት «አመነ» ከሚለው ሥር ስለወጣ ከዚህ ጋር አይዛመድም)። ሲገጥሙ «ደም አልባነት» ይሆናሉ። አሪስቶትል እንስሳትን ሲከፍል ነፍሳትንና ሸርጣንን ደም የሌላቸው ያለው በዚሁ ቃል ነው። ለሰው ሲሆን ግሪኩ ያጋንናል፤ «ማነስ» ያለው አማርኛችን ይሻላል። የሚያንሰው ግን በሊትር የሚለካው ደም ሳይሆን በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው። የዚህም «ሄሞ» ያው «ሃይማ» ነው።

«ደም ብዛት» ግን ጨርሶ ያሳስታል። የሕመሙ የእንግሊዝኛ ስም በሆነው «ሃይፐርቴንሽን» ውስጥ «ሃይፐር» በግሪክኛ «ከ... በላይ» ማለት ነው፤ «ቴንሽን» ከላቲን የመጣ ሲሆን መወጠር ነው። ስለ ደም ብዛት አንድም ነገር አይናገርም። የሚለካው ደም የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው፤ በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰውን ደግሞ ሁለቱም አብረው ሊይዙት ይችላሉ፦ ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የሚያዘው ሆርሞን ከኩላሊት ስለሚመነጭ ሄሞግሎቢኑ ይወርዳል፤ ጨውና ውሃ በሰውነቱ ስለሚጠራቀም ግፊቱ ይወጣል።

ስለዚህ ራስ ባዞረ ቁጥር «ደም ማነስ ነው» ብሎ ክኒን መግዛት አያዋጣም፤ መመርመር ነው። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12፣ ለወንድ ከ13 ግራም በዴሲሊትር በታች የሆነ ሄሞግሎቢን አኒሚያ ነው። ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ የሚሠራ ልክ ነው፤ እንደ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ባለ አገር ከ1 ግራም በላይ ይጨመርበታል። መንስኤው የብረት እጥረት ከሆነም ክኒኑን ከቡና ወይም ከሻይ ጋር መዋጥ ከንቱ ድካም ነው፤ በውስጣቸው ያለው ታኒን ብረቱን ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ከቡናው 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ ይወሰድ። ሰገራ ቢጠቁር ብዙ ጊዜ ከብረቱ ነው። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለም በኋላ ክኒኑ 3 ወር ያህል ይቀጥላል፤ እንደተስተካከለ ካቋረጡት የሰውነት ክምችት ሳይሞላ ሕመሙ ይመለሳል።

«ደም ብዛት»ን ትታችሁ «ከፍተኛ የደም ግፊት» ብትሉ፣ «ደም ማነስ» ስትሉም ከጎኑ «የሄሞግሎቢን ማነስ» ብትጨምሩልን እንለምናለን።

የጤና ባለሙያዎች፣ ከሱሉልታ