ማክሰኞን ለምን እንጠብቃለን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በአሜሪካ ጠቅላላ ምርጫ የሚካሄደው ማክሰኞ ነው፤ የመጪው ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ይውላል። ማክሰኞ ደግሞ ለአብዛኞቻችን የሥራ ቀን ነው። እኔ የምሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያ በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሲሆን፣ ከሌሊት ፈረቃ ከምንወጣው ሐበሾች ብዙዎቹ የሥራ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ወደ ሁለተኛ ሥራቸው ያመራሉ። በ2024 ምርጫ ዕለት አንዲት ባልደረባዬ ሌሊቱን በእግሯ ቆማ አድራ በቀጥታ ወደ ምርጫ ጣቢያዋ ሄደች። ሰልፉ አልነቃነቅ አላት። በቀን የምትንከባከባቸው አዛውንት መድኃኒት የሚወስዱበት ሰዓት ሲደርስ ጥላው ሄደች። ዜግነቷን ያገኘችው በዚያው ዓመት ነበር፤ የመጀመሪያ ድምፅዋ በዚያው ቀረ።

ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ከዚያ ማክሰኞ በፊት ስምንት ቀን ሙሉ፣ ቅዳሜና እሑድም ሳይቀር፣ ድምፅ ሲሰጥ ነበርና። የነገራት ሰው ግን አልነበረም። ዘንድሮ እነዚህ ስምንት ቀናት ከሐሙስ ኦክቶበር 22 እስከ ሐሙስ ኦክቶበር 29 ናቸው፤ በዚህ አገር ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 7 እስከ ምሽቱ 8 ሰዓት። ማክሰኞ ዕለት የሚመረጠው በተመደቡበት ጣቢያ ሲሆን፣ በእነዚህ ቀናት ግን በሚኖሩበት ካውንቲ ውስጥ ካሉት የቅድሚያ ምርጫ ማዕከላት ወደ ፈለጉት መሄድ ይችላሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረ ሮክቪል የሚሠራ ሰው ከሥራው አጠገብ መርጦ ይገባል። ያልተመዘገበ ዜጋም አድራሻውን የሚያሳይ ሰነድ ይዞ ከሄደ እዚያው ተመዝግቦ ይመርጣል።

ይህን በተናገርኩ ቁጥር፣ በተለይ ከታላላቆቻችን፣ የሚገጥመኝ መልስ አንድ ነው፤ «ቀድሞ የተሰጠ ድምፅ የት እንደሚገባ ማን ያውቃል?» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ጎህ ሳይቀድ የተሰለፈ፣ ከዚያም በሰኔና በተከታዩ ጥቅምት የሆነውን ያየ ሰው፣ ስለ ድምፁ ቢጠራጠር ምን ይገርማል? ስለዚህ የማውቀውን ልንገራቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ቀድሞ የሚመርጥ ሰው የሚሰጠው እንደ ማክሰኞው መራጭ ሁሉ የወረቀት ድምፅ ነው። ክቧን በብዕር ያጠቁራል፤ ወረቀቱን በገዛ እጁ ወደ ማሽኑ ያስገባል፤ ማሽኑም መቀበሉን በስክሪኑ ያሳውቃል። ወረቀቱ ምናልባት ድጋሚ ቆጠራ ቢያስፈልግ ተጠብቆ ይቀመጣል። ማክሰኞ ማታ ጣቢያዎች ሲዘጉ ቀድመው ይፋ ከሚሆኑት ውጤቶች መካከልም የእነዚህ ስምንት ቀናት ድምፅ ይገኝበታል።

እናቴ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። የዜግነት ፈተናውን ያለፉት በአስተርጓሚ ነው፤ እንግሊዝኛ አያነቡም። ባለፈው ምርጫ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኘው የሲቪክ ሕንፃ ወሰድኳቸው። አስፈጻሚዋ ስማቸውን፣ አድራሻቸውን፣ የተወለዱበትን ወርና ቀን ጠየቀች። እንደ ብዙዎቹ እናቶቻችን ወረቀታቸው ላይ የሰፈረው ጃንዋሪ 1 ነው፤ እርሳቸው ግን የሚያውቁት የተወለዱት በኅዳር ሚካኤል መሆኑን ነው፤ ቤት ውስጥ አስቀድመን ባንነጋገርበት ኖሮ እዚያ እንደናገር ነበር። የድምፅ መስጫው ወረቀት የተዘጋጀው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። ሆኖም የፌዴራሉ የድምፅ መስጠት መብት ሕግ ማየት ለተሳነው፣ አካል ጉዳት ላለበት ወይም ማንበብና መጻፍ ለማይችል መራጭ፣ የሚረዳውን ሰው ራሱ እንዲመርጥ ይፈቅድለታል፤ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው ግን ረዳት መሆን አይችልም። ረዳት መሆኔን ፈርሜ እያንዳንዱን ስም አነበብኩላቸው። የትምህርት ቤት ቦርዱ ላይ ስንደርስ «ከነዚህ ውስጥ ለልጆቹ የሚያስበው የትኛው ነው?» አሉኝ። ረዳት ማንን ይምረጡ ብሎ መጠቆም አይፈቀድለትምና፣ በሬዲዮ የሰሙትን እንዲያስታውሱ ብቻ ነገርኳቸው። አሰቡ፤ አሰቡና አጠቆሩ። ማንም አላጣደፈንም። ማክሰኞ ቢሆን፣ ከኋላችን ያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ እናቴ ግማሹን ሳይሞሉ «በቃ እንሂድ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ይህ ሁሉ የዜጋ ጉዳይ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው በምርጫው ድምፅ ቢሰጥ ወንጀል ነው፤ ከአገር እስከ መባረር ያደርሰዋል። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ወይም ስታሳድሱ ስለ መራጭነት የሚጠይቀውን ሳታነቡ አትፈርሙ። በቅንነት ተሳስቶ ቤቱ የሚፈርስበት ወገን እንዲኖር አልፈልግም።

የግድ ማክሰኞ ብቻ ለሚመቸው ሠራተኛም የሜሪላንድ ሕግ መፍትሔ አለው፤ ጣቢያዎች ክፍት በሆኑበት ጊዜ ከሥራ ውጭ ተከታታይ ሁለት ሰዓት የሌለው ሰው፣ አሠሪው እስከ ሁለት ሰዓት ከነክፍያው ሊፈቅድለት ይገባል። መምረጡን የሚያሳይ ማስረጃ ግን ይዞ መመለስ አለበት።

የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤዎችና የመስጊድ ኮሚቴዎች ቀኖቹን በማስታወቂያ ሰዓት ቢያነቡ፣ እድሮቻችንም ለለቅሶ እንደሚያደርጉት መኪና ያላቸውን አባላት ቢያስተባብሩ፣ ቤት የሚውሉ አዛውንቶቻችን ሁሉ ይደርሱ ነበር። ከእናንተ የምጠይቀው ደግሞ ይህ ነው፤ የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ማዕከላትን ከነአድራሻቸው በአማርኛ አትሙልን። የቨርጂኒያንና የዋሽንግተን ዲሲን ለየብቻ አድርጉት፤ ቨርጂኒያ 45 ቀን ቀድማ ትጀምራለች፣ ዲሲ ደግሞ ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ ወረቀቱን በፖስታ ትልካለች፤ ሰው እንዳይደናገር። ከኦክቶበር 22 በፊት ባለው ሳምንት ከወጣልን፣ ገጹን አባዝቼ ከፈረቃ ለሚወጡት ሁሉ በእጃቸው የምሰጠው እኔ ነኝ።

አንዲት የአረጋውያን ተንከባካቢ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ