«ታይሚንግ በመብራት» ተብሎ ተከፍሎበት በጆሮ ስለተሠራ ሞተር

ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ያልተሠራ የቱን አፕ (የሞተር ማስተካከል) ሥራን ይመለከታል

የ1300 ቮልሷ ፋይል እናንተው ዘንድ ስላለ ታሪኩን አልደግመውም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ማክሰኞ ዕለት የቅበላ ኃላፊያችሁ የሰጡኝ መልስ ነው። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ቤት በሦስተኛ ማርሽ ትወጣ የነበረች መኪና ከቱን አፑ ወዲህ በሁለተኛም እያቃሰተች መሆኑን ሳስረዳቸው፣ ከስልካቸው ቀና ሳይሉ «አዲስ አበባ ከፍታ ነው፤ ጉልበት ከፈለግክ አዋሽ ወርደህ ንዳ» አሉኝ። አንቱታው ይቅር። ከፍታው ግን ከቱን አፑ በፊትም እዚሁ ነበር።

በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ሞተር ጉልበት ማጣቱ እውነት ነው። ግን አየሩ ሲሳሳ ከካርቡሬተሩ ጂግለር (የቤንዚን ቀዳዳ) የሚወጣው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ድብልቁ ራሱ ቤንዚን ይበዛበታል። ሞተር አጥብቆ የሚጎትተው ለ1 ኪሎ ቤንዚን ከ12.5 እስከ 13 ኪሎ አየር ሲያገኝ ነው። መካኒካችሁ ግን ብሎኑን ፈታ አድርጎ ጨመረበት፤ እሳት የሚሰጡት ካንዴላዎች ደረቅ ጥላሸት ለብሰዋል። የነካው ደግሞ የሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ የሚሠራበት) ብሎን ነው፤ ዳገት ላይ ሥራው የዋናው ጂግለር ነው።

ከሁሉ የባሰው ታይሚንጉ፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት ነው። ደረሰኙ «ታይሚንግ በመብራት» ይላል። የታይሚንግ መለኪያው መብራት ከመሳቢያ አልወጣም፤ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢውተር እያዞረ በጆሮው ሰምቶ ቆለፈው። ሌላ ቦታ የቫኪዩም ቱቦው ተነቅሎና ተደፍኖ በሚኒሞ ሲለካ፣ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ ቀድሞ መምጣት ያለበት እሳት ጫፉን 3 ዲግሪ አልፎ ተገኘ። የፑንቲናውም (ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ሲከፈት እሳቱን የሚያስነሳው ኮንታክት) ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው 0.2 ነው። ክፍተቱ ሲጠብ ፑንቲናው ዘግይቶ ይከፈታል፣ እሳቱም አብሮ ይዘገያል፤ ለዚህ ነው ፑንቲና ሳይስተካከል ታይሚንግ የማይነካው። የሲሊንደሩ ግፊት ከጫፍ በኋላ 15 ዲግሪ አካባቢ ጣራ ካልነካ ፒስተኑ ወርዶ ያመልጠዋል፤ ቃጠሎው ጎማ ማዞሩን ትቶ ስካፓሜንቶ (የጭስ ማውጫ) ያግላል። ሚኒሞው ሲወርድባችሁም የጋዙን ብሎን አጥብቃችሁ ሸፈናችሁት።

ካነሳሁት አይቀር፦ አራት አዲስ ካንዴላ ተከፍሎ የታሰሩት አሮጌዎቹ ናቸው፤ የሾፌሩ ወንበር ግራሶ ተቀብቷል፤ ስልካችሁ ይጠራል እንጂ አይነሳም።

ስለዚህ ፑንቲናው፣ ከዚያ ታይሚንጉ በመብራት፣ በመጨረሻ ድብልቁ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል እኔ ባለሁበት ያለ ክፍያ ይሠራልኝ። የካንዴላዎቹ ዋጋ ይመለስ። ይህን ስጽፍ ደግሞ ሳስበው፣ የቱን አፑም ሙሉ ክፍያ ሊመለስ ይገባል፤ ኃላፊውም በጽሑፍ ይቅርታ ይጠይቁ። በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት አቤቱታዬን ለከተማው ንግድ ቢሮ አስገባለሁ።

ከሰላምታ ጋር

አባሪ፦ የደረሰኙ ቅጂ፣ አራቱ ካንዴላዎች በፌስታል